ሕንድኛ የማያውቀው የሕንድ ፊልም ተርጓሚ

ፍስሐ ሕንድኛ አያውቅም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ለጢፋ ማይክሮፎኑን ስታስጨብጠው እንደማያውቅ ታውቃለች። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን እግሩን እየጎተተ ጅማ የገባ የሸዋ ልጅ ነው። ጊንጆ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ጥበቃ ቢል፣ ቀለም ቅብ ቢል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጎ አጣ። አፍ ግን አለው፤ አቤት አፍ! "ወላሂ፣ ይህ አፍ ሥራ ፈቶ መቀመጡ ግፍ ነው" ብላ ለጢፋ ቀጠረችው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ምስሉን እያየ ታሪኩን ከራሱ ያወራል፤ ሕንዶቹ መዝፈን ሲጀምሩ ሻዩን ይጠጣል። ቦምቤይን አንስቶ እዚያው ጅማ አወቱ መንደራ ሰፈር ላይ ቢያስቀምጣትም የሚከሰው የለም።

ከሁሉ ይልቅ እንጀራ ያበላው አንድ የሳቅ ፊልም ነበር። ሀብታም አጎት ሻንጣ ሙሉ ብር ትቶ ይሞታል፤ ዘመድ አዝማዱ በሻንጣው ይናከሳል። የሁሉም አውራ አንድ ቦርጫም ሰውዬ ነው። ፍስሐ ለዚህ ሰውዬ የሚናገርለት ሲያጣ፣ የጎረቤት ከተማውን፣ የሰቃውን ቡና ነጋዴ የአቶ ደምመላሽን ሥራ ሁሉ አሸከመው። ገበሬ ቡናውን ሲያስመዝን ክርኑን በድንጋዩ በኩል ሚዛኑ ላይ የሚያሳርፈው ደምመላሽ! ለታመመች አማቱ ብርቱካን ይዞ ሄዶ፣ "መብላት ካልቻለችማ" ብሎ መልሶ የወሰደው ደምመላሽ! ፍስሐ ስም አልጠራም። ግን ማን ይጠፋዋል? ከሰቃ ድረስ በአይሱዙ እየተጫኑ መጥተው ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ጉዱ ምንድን ነው፣ ለጢፋ የተከራየችው አዳራሽ የዚሁ የደምመላሽ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ደምመላሽ ገብቶ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ፍስሐ አየው። ሰውየው አዳራሹን ከዘጋባቸው ለጢፋ ትከስራለች፣ እሱም ያቺን የዕለት ጉርሱን ያጣል። የፈሪ ነገር፣ ቦርጫሙን ጻድቅ አደረገው። ቦርጫሙ ሻንጣውን አልጋ ሥር ሲወሽቅ፣ "ይህ ደግ ሰው ነገ ለድሆች ሊያከፋፍለው ነው" አለ። የእህቱን እጅ ነክሶ ሻንጣውን ሲያስለቅቃት፣ "በፍቅር እየሳማት ነው" አለ።

"ኧረ ዱጋ፣ እውነቱን ተናገር!" ብሎ አንዱ ጮኸ።

"ሚዛኑስ?"

"ብርቱካኑን የት አደረስከው?"

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! ታሪኩን ከፍስሐ አፍ ሰምተው በቃላቸው ይዘውታል። አዳራሹ በሙሉ በአንድ ድምፅ "መብላት ካልቻለችማ!" ይል ጀመር። ፍስሐም የመጣው ይምጣ ብሎ ገባበት። ክርኑንም አማቲቱንም አንድ ሳያስቀር አወራው። እየፈራ ነው ያወራው፤ ግን እንደዚያ ቀን አሳምሮ አውርቶ አያውቅም።

ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ደምመላሽ ከአግዳሚው አልተነሳም። ለጢፋም ከበሩ መጥታ ቆመች።

"ጋሼ ደምመላሽ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ እንጀራ ሆኖብኝ ነው" አለ ፍስሐ።

"ሁልጊዜ ይህን ያህል ሰው ይመጣል?" አለ ደምመላሽ።

"ለዚህኛው ይመጣል።"

"ሌላ ፊልም ስታሳዩስ?"

"ኧረ ግማሹም አይመጣም!" አለች ለጢፋ፣ ሳታስበው አምልጧት።

ደምመላሽ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጠረ። "እንግዲያው የሚመጡት ለእኔ ነው" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሰው አሥር ሳንቲም የእኔ ድርሻ ነው። አንተም ስስቴን ጨመር አድርግበት፤ መሐል ላይ ቀዝቀዝ ይላል።"

ፍስሐ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ። ደምመላሽ በሩ ጋ ደርሶ ዘወር አለ።

"ደግሞ ለመግቢያ የከፈልኩትን ሽልንግ መልሱልኝ። ሰው የገዛ ታሪኩን ለመስማት ይከፍላል እንዴ?"

ፍስሐ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሰጠው። ደምመላሽም ሽልንጉን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ "ይህ የእኔ አይደለም፤ የእኔው አዲስ ነበር" አለ።