ሞተ ያልኩት ባትሪ

አፌ አያርፍም፤ ይህን አገር ያውቀዋል። ሥራነሽ ካለችበት ሌላ ሰው አይናገርም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። አምና ከዚህ አፍ የወጣውን አንድ ቃል ባሰብኩ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል።

መንደራችን ከአምበር በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ያን ክረምት መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ባለቤቴን ገዳሙን ሆዱን ቆረጠው። የኔም ስልክ ሞቷል፣ የጎረቤቱም ሞቷል፣ አምቡላንስ በምን ይጠራ? ሰፈርተኛው ቃሬዛ አበጅቶ፣ በዚያ ጭቃ እየተፈራረቀ ተሸክሞ አምበር ጤና ጣቢያ አደረሰልኝ። ተርፏል፣ ተመስገን። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» ሲለኝ ግን ሁለተኛ የሰው እጅ አላይም ብዬ ማልኩ።

መኸሩ እንደገባ ጊደራችንን ሸጠን ሶላር አስገባን። መሳፍንት የሚባል ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ሰሌዳውን ቆርቆሮው ላይ አሰረ፣ ባትሪውን ጓዳ አስቀመጠ፣ ሦስት አምፖል ዘረጋልን። ሲሄድ «ባትሪውን አሟጣችሁ አትጨርሱት፣ ቶሎ ይሞትባችኋል» አለ። ይቺ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች።

መብራት እንደገና ሲጠፋ ጎረቤቱ ስልክ እየያዘ መምጣት ጀመረ። አንድ ቀን አምስት ሰው፣ በማግስቱ አሥራ ሁለት። ስልክ በተሰካ ቁጥር ገዳሙ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ይታየኛል። ለክፉ ቀን ያልኩትን እነዚህ ለወሬ ጨረሱብኝ እያልኩ ብቻዬን እንጨረጨራለሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆምኩና «ባትሪው ሞተ» አልኳቸው። እንደ ቀላል ነገር ነው የወጣው። እነሱም «ውይ፣ እኔን» ብለው እያዘኑልኝ ተመለሱ።

ገዳሙ ከውስጥ ሆኖ ሰምቷል። «የተሸከሙኝ እኮ እነሱ ናቸው» አለኝ።

«አንተ ዝም በል። ያን ቀን አንተ ተኝተሃል፣ ያየሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አምፖሉን የማበራው መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ ሆነ። ልጄ ሂዊ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነበረባት፤ «ብትጠየቂ በኩራዝ ነው የማጠናው በይ» አልኳት። ልጄን ውሸት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ሳምንት ሳይሞላ እትየ ወለተ ጊዮርጊስ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት። መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ያላት ትንሽ የሶላር ፋኖስ አለቻቸው፤ ልጃቸው ከደጀን ገዝቶ ያመጣላቸው። ሲመሽ የሚፈትሉት በሷ ነው። ከነጠላቸው ሥር አወጧትና «እንቺ ልጄ፣ ሂዊ ታጥናበት። ኩራዝ ዐይን ያጠፋል» አሉኝ።

«እርስዎስ፣ እትየ?»

«እኔ ምን ፈተና አለብኝ» ብለው ሳቁ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ፋኖሷን ተቀበልኩ። እሳቸው ሲወጡ በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኳት። ሲመሽ በብርድ ልብሱ ጥግ አጮልቄ ሳይ የሳቸው ቤት ድርግም ብሏል፣ የኔ ቤት ቦግ ብሏል። አፈርኩ። አፍሬም አልመለስኩላቸውም፣ እንዴት ብዬ ልመልስ? መመለስ ማለት ውሸቴን በገዛ እጄ ማውጣት ነው።

በማርያም ማኅበራችን ደግሞ የሚቀጥለው ተረኛ እኔ ነበርኩ። ወሩ በገባ በሃያ አንድ ቀን የዚያን ጊዜ ተረኛ ጎረቤታችን እስከዳር ቤት ተሰብስበን በላን፣ ጠጣን። ቄስ ታዲዮስ ጽዋውን አነሱና እንደ ልማዱ ወደ ተረኛ ከመሻገሩ በፊት «የተቀያየመ አለ? የበደለ አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ዝም ነው የምንለው። እኔም ዝም ብዬ ልቀበል እጄን ስዘረጋ፣ ፊት ለፊቴ እትየ ወለተ ጊዮርጊስ በደስታ ያዩኛል። እጄን ሰበሰብኩት።

«አልቀበልም፣ አባ። ባትሪው አልሞተም። አንድ ቀንም ሞቶ አያውቅም። ዋሽቻቸዋለሁ» አልኩ።

ገዳሙን ከተሸከሙት አንዱ የእስከዳር ባል ነበር፤ እሷ አቀርቅራ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልላለች። ምነው በሰደቡኝ አልኩ። መልስ የሰጡት እትየ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው።

«ታዲያ ሂዊ በጨለማ አልነበረም የምታጠናው?»

«አልነበረም፣ እትየ።»

«ተመስገን» አሉ፣ ከልባቸው። «ያቺ ፋኖስ ለማጥናት ታንሳለች ብዬ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። በይ እንግዲያ መልሺልኝ፣ ፈትሌ ቀርቶብኛል።»

ቄስ ታዲዮስ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ጽዋውን ሰጡኝ። እንዴት ቤቴ እንዳደረስኩት አላውቅም።

በማግስቱ ፋኖሷን ከሣጥን ሳወጣት ጭራሽ አልበራ አለች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውዬ፣ ስትሞላ ወስጄ ሰጠኋቸው። ብርድ ልብሱንም ከመስኮቱ አነሳሁ።

አሁን መብራት ሲጠፋ እንደ ድሮው ይመጣሉ። አንድም ሰው ያን ነገር አንስቶብኝ አያውቅም። ግን ሁሉም፣ እስከዳርም ሳትቀር፣ ስልካቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ይቆሙና «ባትሪው ደክሞት ከሆነ እንመለስ» ይላሉ። ለነገር አይደለም፣ ከልባቸው አስበውልኝ ነው። ያ የማያርፍ አፌ እዚህ ላይ «ግቡ» ከማለት አያልፍም። እጄን እዘረጋለሁ፣ ስልኩን እቀበላለሁ፣ ቀና ብዬ ግን አላያቸውም።