በለጋ ቅቤ የተቀባው ሞተር

ባሌ ታክሲ ነጂ ነበር። ገርጂ ከቀበሌ በተከራየናት ቤት ግቢ ውስጥ ታክሲው ሞተሩ ተነቅሎ በቆመበት በዚያ ሁዳዴ፣ የሚያስጨንቀን የዕለት ጉርስ ብቻ አልነበረም። ቀበሌው የሹፌሮችን ስም ይመዘግብ ነበር። የሚሠራ ታክሲ ያለው ከተማ ውስጥ ያገልግል ተብሎ ይታለፋል፤ መኪናው የቆመበት ግን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ስንቅ የሚያመላልስ ካሚዮን ይሰጠዋል። ከፋሲካ በኋላ ተመልሰን እናያለን ብለው ሄደዋል። እንግዲህ ያ ሞተር ካልተነሣ ባሌ ይሄድብኛል ማለት ነው።

መካኒኩ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የወሎ ሰው፣ ሙስሊም፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ውሃና ዘይቱ ተደባልቆ ስለነበር ሁሉንም ፈታትተው ባዶውን ብሎክ፣ ያንን ከባድ ብረት፣ በፈላ ውሃና በሳሙና ሊያጥቡት ተነሡ። መጀመሪያ ግን ባሌን አስጠነቀቁት።

«ልጄ፣ ይሄ ብረት ቆሻሻው ሲለቅ ራቁቱን ነው የሚቀረው። ውሃው ደርቆ ሳያልቅ ዝገቱ ይቀድምሃል። እኔ ሳጥብ አንተ ጨርቅና ዘይት ይዘህ አጠገቤ ቁም።»

ጨርቁስ ነበር። ዘይቱ ከየት ይምጣ? የሞተር ዘይት በኩፖን ነው፤ ኩፖኑ ቢኖርም ማደያው ባዶ ነው። ከሞተሩ የወጣው አሮጌ ዘይት ውሃ ገብቶበት አጓት መስሏል። የቀበሌው ሱቅ የምግብ ዘይት ካደለ ቆይቷል። በመጨረሻ አንድ የባሌ ወዳጅ ትንሽ ዘይት አመጣልሃለሁ ብሎ ቃል ስለገባለት በዚያ ተማምነው ማጠብ ጀመሩ። ሰውየው ሳይመጣ ቀረ።

እኔ በዚያን ሰዓት የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነኝ። መቅረት አይቻልም፤ የቀረች ስኳሯን ታጣለች። እኔ እዚያ አብዮቱን በጭብጨባ ሳደምቅ፣ እዚህ የታጠበው ብረት ዐይናቸው እያየ ቡኒ መልበስ ጀመረ። ያኔ ባሌ ወጥ ቤት ገባ፤ ገብቶ የማያውቅ ሰው። ለፋሲካ ያዘጋጀሁት ቅቤ በሁለት ማሰሮ ተከድኖ ተቀምጧል፤ አንዱ የተነጠረ፣ አንዱ ገና ለጋ። እሱ የቱ የቱ እንደሆነ በምን ይወቅ? አንዱን አንሥቶ ወጣ።

ጋሼ «የተነጠረ ነው?» ብለው ጠይቀውታል። «አዎ» አላቸው። በሁዳዴ ቅቤ መንካቱ ከብዶት እጁን ሲሰበስብ ጊዜ ደግሞ «ቀባ፣ ቀባ፤ የምትጾመው አንተ እንጂ ሞተሩ አይደለም» ብለው ሳቁበት።

ስመለስ ብሎኩ በላስቲክና በጆንያ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል። ቅቤዬን እንደቀቡት ሲነግረኝ ምላሴን መያዝ አቃተኝ። «ታዲያ ዶሮውን በውሃ ልሥራልህ?» አልኩት። እሱ ግን ደስ ብሎታል። «አንቺ ደግሞ! ይሄ ሞተር ይነሣ እንጂ በየሳምንቱ ዶሮ ነው» አለኝ። ጾም ነውና ማሰሮዎቹን ከፍቼ የትኛው እንደጎደለ አላየሁም። በሁዳዴ የቅቤ ዕቃ ማን ይነካካል። የሚቀረው መለዋወጫ እስኪገኝ ብሎኩ እንደተጠቀለለ ሰነበተ።

ቅዳሜ ስዑር ከሰዓት ለወጡ ቅቤ ላወጣ ማሰሮዬን ከፈትኩ። የተነጠረው እስከ አፉ ሙሉ ነው። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ የጎደለው ለጋው ነው። ለጋ ቅቤ ውስጡ ውሃ አለው፣ አሬራ አለው፣ አሬራው ይኮመጥጣል። ይህን የማታውቅ ሴት የለችም፤ የሚያውቅ ወንድ ግን እኔ አላየሁም።

ጆንያውን ስገልጠው ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። ቅቤውን በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ሥሩ ቀይ ነው። ባሌ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። ጋሼ ተጠርተው መጡና የሲሊንደሩን ግድግዳ በጥፍራቸው ዳሰሱት። «ላይ ላዩን ቢሆን በብርጭቆ ወረቀት ይለቅልኝ ነበር» አሉ። «ይሄ ግን በልቶታል። እንዳልሞርደው ደግሞ ከዚህ በፊት የሚሞረደውን ያህል ተሞርዷል። ውስጡ አዲስ ብረት ካልገባለት አይሆንም፤ እሱም ካለ አስመራ ነው።» ጠይቄህ አልነበረም ወይ አላሉትም።

ፋሲካ ባለፈ ሰሞን የቀበሌው ሰዎች መጡ። የቆመውን ታክሲ አዩ፣ የባሌን ስም ጻፉ።

ሊሄድ ሲል «የተነጠረውን አምጪልኝ» አለኝ። ከወጡ የተረፈውን ሰጠሁት። ዝገቱን ፈትጎ ፈትጎ፣ በየቀዳዳው ጣቱን እያስገባ ቀባው። ግቢው ኮረሪማ ኮረሪማ ሸተተ። «አስመራ እንግዲህ መንገዴ ነው፤ ዕቃውን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ብቻ እንዳይዝግ ጠብቂልኝ» አለ። መንገዴ ነው አለ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው። እኔም እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ጠበቅኩለት። ቅቤ ባነጠርኩ ቁጥር የብሎኩን ድርሻ አስቀድሜ እቀንሳለሁ፤ አሮጌውን በነጭ ጋዝ ጠርጌ አዲሱን እቀባለሁ። ታክሲውን ራሱን ዝገት ጨርሶት ወደቀ። ጋሼም ሞቱ። መንግሥቱም ወደቀና ከሰሜን የተረፉት በእግራቸው መጡ። መንገድ ዳር ቆሜ ፊት ፊታቸውን አየሁ፤ ያየሁት ሁሉ የሌላ ሰው ባል ነበር። ሞተ ብሎ ያረዳኝም የለም።

ባለፈው ቆራሌው ግቢ ገብቶ ጆንያውን ገለጠ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ዝገት የሚባል አልነካውም። ለምን አይሸጡልኝም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚያች ከፋሲካዋ ጠባሳ በቀር ንጹሕ ነው። የሰው አደራ ነው አልኩት። ተስፋ አድርጌ እንዳይመስላችሁ፤ ተስፋዬ ካለቀ ቆይቷል። እንዳይዝግ ጠብቂልኝ ብሎኛል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።