ሐዘን የተቀመጠው ኮሮላ

ቢቸና የተወራው እንዲህ ነው፦ ስንቄ ባሏ ታዘበው ሞቶ አርባው ሳይወጣ ጥቁር መኪና ገዛች። ጠላ ቤቱ ይህን ሲሰማ ፍሬን በጠሰ። ማታውን መኪናው ሁለት ሆነ፤ በማግስቱ ሹፌርም ተገኘለት፤ መልከ መልካም ነው ተባለ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ነውና፣ እውነቱ ይኸውና። ስንቄ ምንም አልገዛችም። ግቢዋ የቆመው ታዘበው ዐሥር ዓመት ሙሉ ከቢቸና ሞጣ ሰው ያመላለሰበት ያው ነጭ ኮሮላ ነው። ያጠቆረችው ራሷ ናት፤ እቤቷ ሆና፣ አካሉን አንድ በአንድ እያለበሰች።

የነገሩ ሁሉ ጥንስስ መቀመጥ ነው። ስንቄ ስትፈጠር ጀምሮ መቀመጥ አይሆንላትም። ቅዳሴ የምትወደው ስለሚቆም ነው ይሏታል። ሐዘንተኛ ደግሞ መቀመጥ አለበት። ሰው ሲገባ እያለቀሰች፣ ሰው ሲወጣ እግሯን እያወዛወዘች ፍራሹን ዐሥራ ሁለት ቀን ቻለችው። በዐሥራ ሦስተኛው የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ምንይሉ መጡ።

«የቆመ መኪና ይበሰብሳል። የሞጣው ሐጂ አብዱራዛቅ ማክሰኞ ሊያዩት ይመጣሉ» አሏት።

«ማን እሸጣለሁ አለዎት?»

«ታዲያ ማን ሊነዳው ነው? አንቺ?»

ፍራሹ ላይ የነበሩት ሴቶች ሳቅ አመለጣቸው፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ወደ ሳል ለወጡት። ስንቄ አልሳቀችም። መንዳት አታውቅም። ግን በዕድሜዋ አርፋ የተቀመጠችበት ወንበር ቢኖር ከታዘበው ጎን ያለው የኮሮላው ወንበር ነው፤ እሱ እየተቀመጡበት ይሄዳል። እሱ ከተሸጠ ቀሪ ዘመኗ ፍራሽ ነው።

እጇን በላት። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ የኮሮላውን አንዱን የጎን መስታወት፣ ስፖኪዮውን፣ ፈትታ ጓዳ አስገባችው። ቡፌዋንም ፍሪጇንም በስቲከር የለበጠች ሴት ናትና ከፍሪጁ የተረፈ ጥቁር ቁራጭ ነበራት። በደረቁ ለጠፈችው። አየር ያዘና እንደ ጥሩ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆነ፤ ለእንጀራ ያስመሰግናል፣ ለስቲከር ነውር ነው። ላጠችው፣ ደገመችው፣ ላጠችው። በመጨረሻ ሞጣ ስቲከር ለምትሸጠው ለዘይዳ ደወለች።

«በደረቁ ነው እንዴ የለጠፍሽው እህቴ?» አለች ዘይዳ። «የባጃጅ ልጆች የሳሙና ውኃ ይረጩበታል። ከመሐል ጀምረሽ አየሩን ወደ ጠርዝ ንጂው። ጠርዙ ሲያስቸግርሽ በፀጉር ማድረቂያ ፎን አሙቂው፤ ይለሰልሳል።»

ለአየሩ መንጃ ጠንካራና ስስ ነገር አስፈለጋት። እጇ የገባው የታዘበው መንጃ ፈቃድ ነው። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ገፋችበት። ጨርቁ በተንሸራተተ ቁጥር ፎቶው ብቅ እያለ ያያታል።

«አትየኝ፤ ያንተኑ ነው የምሠራው» አለችው።

ማታውን ስፖኪዮውን መልሳ ገጠመችው። በማግስቱ ጎረቤቷ እማሆይ ወለተ ገብርኤል ሊያጽናኗት ሲገቡ ጥቁሩን ስፖኪዮ አይተው ቆሙ።

«ውይ፣ እሱም ሐዘን ተቀመጠ?» አሉና በሩን ዳሰስ አደረጉት። «እግዜር ያጥናህ።»

የስንቄ እግር መወዛወዙን ተወ። ሐዘን የገባ አይዘፍንም፣ አይዳርም። ታዲያ ማን ደፍሮ ይሸጠዋል? ወዲያው ዘይዳ ዘንድ ደወለች፤ አንድ ጥቅል ጥቁር፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ። ዘይዳ የሐጂ አብዱራዛቅ ሚስት መሆኗን ስንቄ ታውቃለች። ዘይዳ ግን ለማን መኪና ነው ብላ አልጠየቀችም፤ ነጋዴ ናት።

ከዚያ ወዲያ እስከ ማክሰኞ እንቅልፍም ፍራሽም የለም። አልቃሽ ሲመጣ ፎኑን ትደብቃለች፣ ሲሄድ ታወጣለች። መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያ አስጠግታ ታሞቀዋለች። በሮቹ ለበሱ፣ ኮፈኑ ለበሰ። ጣሪያው ላይ ስትደርስ ጥቅሉ አለቀ። መኪናው ጥቁር ካባ ደርበው ነጭ የጠመጠሙ የደብረ ወርቅ መሪጌታ መሰለ።

ሐጂ አብዱራዛቅ ማክሰኞ መጥተው አንዴ ዞሩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሐዘንተኛ ነው፣ ሐጂ» አለች ስንቄ።

«እግዜር ያጥናህ በሉት እንጂ» አሉ እማሆይ ከበሩ።

«ፕላስቲክ ነው እኮ፣ ይላጣል» አሉ አያ ምንይሉ።

«ይላጥ፤ በሙት ዓመቱ» አሉ ሐጂ። «እኔ ከሐዘንተኛ ላይ ልብስ አላስወልቅም።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ኮፈኑን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይህን ስቲከር ግን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ።»

ስንቄ ዓመት ተሰጣት። ባትሪው እንዳይሞት ብላ ጠዋት ጠዋት አስነሳችው። ከተነሳማ ምን ያቆመዋል? ከበሩ እስከ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ እስከ በሩ፤ ባሕር ዛፉ ሁለቴ ተገጭቷል። ቀጥላ ጥቁሯን እንደለበሰች የመንጃ ማሠልጠኛ ገባች። ቢቸና ይህንንም አወራ፤ ለአሠልጣኙ ነው አለ።

በሙት ዓመቱ ማግስት አያ ምንይሉ ከሐጂ ጋር መጡ፤ በእጃቸው ለእሷ የተገዛ ነጭ ቀሚስ ይዘዋል።

«በይ እንግዲህ፣ አንቺም ቀይሪ፣ እሱንም አስቀይሪው።»

ቃል ቃል ነው። ፎኑን አምጥታ ከኮፈኑ ጥግ ጀመረች። ጥቁሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፈፈ። ከሥሩ የወጣው ነጭ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ያልነካው፣ የሚያበራ ነጭ ነው፤ ጥምጥም የነበረው ጣሪያ ብቻ ገርጥቷል።

«ማሻአላህ፣ ከአምናው ይሻላል» አሉ ሐጂ።

 ስንቄ ያን ሁሉ ቀን አየር እየገፋች የለጠፈችው ስቲከር ቀለሙን ጠብቆ ገዢውን አጓጓላት እንጂ አላባረረላትም። ቀሚሱን ተቀብላ ገባች። ስትወጣ ነጩን ለብሳለች፤ በአንድ እጇ ቁልፍ፣ በሌላው መንጃ ፈቃድ ይዛለች። ፎቶው ላይ ያለው ፊት ግን የታዘበው ሳይሆን የራሷ ነው። መሪው ጋ ተቀምጣ ሞተሩን አስነሳች።

ሐጂ አብዱራዛቅ የዚያን ቀን ሞጣ የገቡት በዚያው ኮሮላ ነው፤ ተሳፍረው እንጂ ገዝተው አይደለም። ከመነሳቷ በፊት ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንዲት ነገር ተናግራለች። አያ ምንይሉ ጫማቸውን አዩ፣ ሐጂም መቁጠሪያቸውን አዩ፦

«አያ ምንይሉ፣ መኪናው ነጭ ቢለብስ ገዢ አመጡለት። እኔም ይኸው ለብሻለሁ፤ የእኔንስ ገዢ የት አደረሱት?»