የእናቴን የእንሰት መፋቂያ ሰሌዳ ለማየት ወደ ቡታጅራ

ከወልቂጤ በጠዋት የተነሣሁት አንድ ነገር በዓይኔ ለማየት ነው። ባለፈው ዓመት ወንድሜ የእናታችንን የእንሰት መፋቂያ ሰሌዳ ለትንሽ ሙዚየም ሰጥቷል። ሙዚየሙን ያቋቋሙት በቡታጅራ አጠገብ፣ መስቃን ያለው የትውልድ መንደራችን ሰዎች ናቸው፤ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚገዙ ነጋዴዎች በየመንደሩ እንደሚዞሩ ስሰማ፣ ሸጠውት ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሳለ ጉብሬ ላይ ሰው ጨመረ።

«እማማ፣ ጠጋ ይበሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለኝ ረዳቱ።

«በአንድ ወንበር ሁለት ሰው አስቀምጠህ ከሁለታችንም ሙሉ ልትቀበል? በግማሽ ታደርገዋለህ ወይስ አንተን ላውርድህ?»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ረዳቱ አልሳቀም።

አገና ላይ የተቀቀለ ድንች ገዛሁ፤ ትልልቁ ከላይ፣ ጥቃቅኑ ከሥር ነበር። ዘቢዳር ተራራ ላይ ጉም መንገዱን ሸፈነው። ቡታጅራ ስንወርድ ፀሐይ ነው። ከዚያ በጋሪ ወደ መንደሩ።

ሙዚየሙ አንድ የሣር ክዳን ጎጆ ነው። ጠባቂው ሙዘይን አብሮ አደጌ ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም! ምነው ሳትደውዪ?»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ብደውል ትዘጋጅ ነበራ!»

ሰሌዳውን አገላብጬ አየሁት። በጀርባው እሳት የላሰው ጥግ አለ፤ የእናቴ ነው። እፎይ ልል ስል ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦ «የአቶ ሸምሱ የእንሰት መፋቂያ»። ሸምሱ አባቴ ነው።

«እንሰት ሲፋቅ ወንድ በጓሮ እንኳ አያልፍም! አባቴ ይህን ነክቶት ያውቃል?»

«ቤቱ የሚጠራው በአባወራው ነው ብዬ እኮ ነው…»

«ቤቱን ማን ጠየቀህ? ይህ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የፋቀችበት ነው። ከድጃ ብለህ ጻፍ፤ እምቢ ካልክ ተሸክሜው እሄዳለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም አልበረድሽም!» ብሎ ሳቀ። «ያንቺን ከቀየርኩ የመንደሩ ሴት ሁሉ ይመጣብኛል።»

«ይምጣ!»

እሱ እስክሪብቶ ሲፈልግ ዓይኔ ጎን ካለው ጅባ ምንጣፍ ላይ አረፈ። የእሱ አባት ስም ተጽፎበታል።

«ይህንንስ ማን ሠራው?»

ሙዘይን ሳቁን ተወ። «እማዬ ናት» አለ።

የሁለቱንም እናቶች ስም ጽፎ እስኪለጥፍ ከአጠገቡ አልተነቃነቅሁም።

ማታ ወልቂጤ ገባሁ። ሌባ ልይዝ ነበር የሄድኩት። ዕቃው አልተነካም፤ የጠፋው የሠራችበት ሴት ስም ነው። ያጠፋው ደግሞ ሌባ ሳይሆን የገዛ እናቱን የሚወድ ሰው ነው። ከእንግዲህ የሚወዱኝንም ቢሆን እጠረጥራለሁ።