የኔታ ያለ ቅኔ የተናገሩ ዕለት

ባለፈው ጥቅምት ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሳችን ሉማሜ ላይ ለቁርስ ቆመ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌና አንዲት ልጅ እግር ሴት ተቀምጠዋል። ልጅቱ አንገቷን በነጠላ ጠቅልላለች። ሽማግሌው ብርቱካን እየላጡ በእጃቸው ያጎርሷታል፤ እሷም እንዳይከፋቸው ብላ ትውጣለች። ያዘዝኩት ፍርፍር መጣልኝ፤ ዓይኔ ግን እነሱ ላይ ቀረ። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፣ እኔም በዚሁ መንገድ አንገቴን ጠቅልዬ፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ አልፌያለሁ።

አባቴ በዲማ የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪው ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኛ ልጆቻቸውም የኔታ እያልን ነው ያደግነው። ነገርን በቀጥታ መናገር አይሆንላቸውም ነበር። ወጡ ጨው ሲበዛበት እንኳ እናቴን የሚወቅሷት በሰምና ወርቅ ነው፤ እሷ ወርቁን ፈልጋ እስክታገኘው ወጡ ተበልቶ ያልቃል። እኔ ደብረ ማርቆስ መምህራን ኮሌጅ ገብቼ፣ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ከሆነው ከታላቅ ወንድሜ ከይበልጣል ጋር እኖር ነበር። ባጃጅ ማርቆስ ገና መግባት የጀመረበት ጊዜ ነው።

እብጠቱ የወጣው በሁለተኛው ዓመት ትምህርቴ ነው። መጀመሪያ ከአንገቴ ሥር ሽምብራ የምታክል ነገር ነበረች። አላመመችኝም፤ ስለዚህ ናቅኋት። በኋላ እንቁላል አከለች፣ ጎረቤትም አበጀች። ተኝቼ ስነሳ አንሶላው በላቤ ርሶ ይጨመቃል። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ የኮሌጁን ደረጃ ለመውጣት ግድግዳ መደገፍ ጀመርኩ። የእጢ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒቱን ስውጥ ከረምኩ። ትኩሳቱ ሲያይልብኝ እየተኛሁ ግሉኮስ ይሰቀልልኛል፣ መርፌ ይገባልኛል። ክንዴ ከመወጋት ብዛት ጠቁሮ የደም ሥሬ ጠፋ። በመጨረሻ የኔታና ይበልጣል አዲስ አበባ ወሰዱኝ፤ ከእብጠቱ ቆርሰው ለምርመራ ላኩት።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት ሐኪሙ ሁለቱን አስገብቶ እኔን ውጭ አስቀመጠኝ። ሲወጡ የኔታ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ አለፉኝ። ይበልጣል ብቻ ቆመ።

"እጢ ነው" አለኝ። "በመድኃኒት ይሟሟል። ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ቀላል ነው።"

ይህን ሲለኝ የሚያየው ከጀርባዬ ያለውን መስኮት ነበር።

ማርቆስ ስንመለስ ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። በዓመት አንዴ ፊት የማትሰጠኝ አክስቴ ከደብረ ኤልያስ ማር ይዛ መጥታ እግሬን አጠበችኝ። ጓደኞቼ የሚስቁት እኔ ከመሳቄ በፊት ነው። ክፍል ውስጥ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ያኔ ሁላችንን ያስፈራን የነበረው ሌላ በሽታ ነበርና እሱ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ወንድ ሳላውቅ ከየት አመጣሁት እያልኩ፣ የተወጋሁባቸውን መርፌዎች ሁሉ በሐሳቤ እየመረመርኩ ስብሰለሰል ውዬ አድራለሁ። ይበልጣልን ስጠይቀው ይቆጣል፤ እናቴን ስጠይቃት ጓዳ ትገባለች። በገዛ ቤቴ ውስጥ እንግዳ ሆንኩ።

ክፉ ወሬ በእኛ አገር ብቻውን አይላክም። መርዶ እንኳ ሲነገር ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው። ሰው ለሞተበት ይህን የመሰለ ሥርዓት ተበጅቶለታል። በሕይወት ላለ ሕመምተኛ ስለ ራሱ የሚነገርበት ሥርዓት ግን የለንም። ስለዚህ ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ ሳያውቅ ይቀራል። ዛሬ አልፈርድባቸውም። ያኔ ግን ከበሽታው ይልቅ የሰው ዓይን መሸሽ ነበር የሚያቃጥለኝ።

ከአዲስ አበባ ሲጠሩን ጥቅምት ነበር፤ ከየኔታና ከይበልጣል ጋር ተሳፈርን። ከማርቆስ እስከ ደጀን ሜዳው ሙሉ የጤፍ አዝመራ ነው፤ ንፋስ ሲመጣ እንደ ውኃ ይተኛል፣ ይነሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የኔታ ከዚያ ሜዳ ላይ አንድ ጉባኤ ቃና፣ ያችን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ሳይቆጥሩ አያልፉም ነበር። ያን ቀን ግን የቆጠሩት መቁጠሪያቸውን ብቻ ነው። ሉማሜ ላይ ሻይና ዳቦ አዘዙልኝ፤ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከሩ ሰጡኝ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ትንፋሼን ቆረጠኝና ጭንቅላቴን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ። ልባቸው ሲመታ ይሰማኝ ነበር። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ሆስፒታሉ ስንደርስ አንዲት ነርስ አረንጓዴ ልብስ ሰጠችኝ። ጠይም፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት።

"ሲስተር፣ ምንድን ነው የምታደርጉኝ?" አልኳት።

"ፖርት ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ሳንቲም ታክላለች። ከቆዳሽ ሥር፣ እዚህ ጋ ትቀመጣለች" ብላ ደረቴን ከቀኝ የአንገት ሥር አጥንቴ በታች በጣቷ ነካችኝ። "ቀጭን ቱቦዋ ትልቁ የደም ሥር ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ የሚሰጥሽ በእሷ በኩል ነው። ክንድሽን የሚወጋሽ የለም።"

"ምን መድኃኒት?"

ነርሷ ወደ ይበልጣል ዞረች። እሱም "ቫይታሚን ነው። ሰውነትሽ ስለደከመ" አለ።

ለቫይታሚን ደረት እንደማይቀደድ ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ልብሱን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት።

"ካልነገራችሁኝ አልገባም።"

"ማስተዋል፣ ሐኪሙ እየጠበቀ ነው። ዛሬ ካለፈን መቼ እንደሚጠሩን አይታወቅም።"

"ይለፈና።"

ክንዴን ያዘኝ፣ አስለቀቅኩት። ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ መልሶ ለመነኝ። እኔ የማየው ወደ መውጫው በር ነበር። እግሬ ቢችል ኖሮ ዓባይን በእግሬ ተሻግሬ ዲማ እገባ ነበር። ግን ለመቆምም አቅም አልነበረኝም። መሄድም መግባትም ያቃተው ሰው ምን እንደሚሆን የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

የኔታ እስከዚያ ድረስ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"ማስቴ፣ ያለብሽ ካንሰር ነው" አሉኝ።

ይበልጣል "የኔታ" ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። እሳቸው ወደ እሱ አልዞሩም።

"ካንቺ ደብቀን የያዝነው እሱን ነው። መድኃኒቱ ከባድ ነው፣ ጠጉርሽን ያረግፈዋል፣ ያስመልስሻል። የክንድሽ ሥር ስለማይችለው ነው በዚህ በኩል የሚሰጡሽ። ከሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል ብለውናል።"

"እሞታለሁ?"

"አላውቅም ልጄ።"

"ሐኪሙስ?"

"እሱም አላውቅም ነው ያለው። ከጀመሩት የሚድኑ አሉ አለ። ካልጀመርሽ ግን…" አሉና አቆሙ። እጄን ያዙ። "ካልጀመርሽ ትሞችብኛለሽ።"

ዕድሜ ልኩን ቃል ሲያለብስ የኖረ ሰው ራቁቱን ሲናገር ሰማሁ። ወርቅ የለው፣ የሚፈለግ ምሥጢር የለው። ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። ይበልጣል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይነቃነቃል። ነርሷም አልቸኮለችም፤ ትንሽ ቆማ ሄደች፣ ተመልሳ መጣች።

መፍራቴ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰ። ግን ብቻዬን መፍራቴ ቀረ።

ልብሱን ስለብስ ነርሷ ማተቤን አየችው። ቦታው ስለሚጸዳ አንገቴ ላይ ምንም መኖር የለበትም አለች፤ መቀስም አቀረበች። እጄን አንገቴ ላይ ጫንኩ። ማተቡን ያሰሩልኝ የኔታ ራሳቸው ናቸው፤ በእምነት የታሰረ በመቀስ አይበጠስም። የኔታ ግን "ቆይ ልጄ" ብለው ጎንበስ አሉ። ቋጠሮው ከርሮ ስለነበር በጥርሳቸው ፈቱት። ጢማቸው አንገቴን ሲነካኝ ሕፃን ሆኜ ሲያዝሉኝ የነበረው ጠረናቸው ሸተተኝ። ነርሷ የእጅ አንጓ ላይ ከሆነ አይከለከልም ስላለች፣ ክሩን እዚያ አዙረው አሰሩልኝ።

"እግዚአብሔር አንገት አይመርጥም" አሉ። "ግቢ።"

በጀርባዬ ስተኛ እብጠቱ ትንፋሼን ስለሚያፍነኝ ሐኪሙ አልጋውን ከፍ አደረገልኝና ቦታውን ብቻ አደነዘዘው። ፊቴ ላይ ጨርቅ ጣሉብኝ። መግነዝ እንዲህ ይሆን ብዬ አሰብኩ። መቁረጡ አያምም፤ የሚያስፈራው መጎተቱ ነው። አንድ ሰው ከቆዳዬ ሥር ኪስ እየከፈተ በጣቱ ሲያሰፋው ይታወቀኛል፤ ቱቦው ሲገባ ደግሞ ልቤ ሁለቴ የዘለለች መሰለኝ።

"አውሪኝ" አለ ሐኪሙ። "ከየት ነሽ?"

"ከዲማ።"

"ቅኔ ታውቂያለሽ በይኛ።"

"አባቴ ነው የሚያውቀው" አልኩ፤ ከጨርቁ ሥር እንባዬ ወደ ጆሮዬ ፈሰሰ። አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ፤ መሃሉ ላይ ጠፋኝ። ከሕፃንነቴ የማውቀው ጸሎት ጠፋኝ። መልሼ ጀመርኩት፣ መልሶ ጠፋኝ። ስፌቱ እስኪያልቅ መጀመሪያውን ብቻ ስደጋግም ቆየሁ።

ስወጣ የኔታ ፋሻውን አዩና እጃቸውን ዘረጉ፤ ሳይነኩኝ መለሱት። ያ ከባድ የተባለው መድኃኒት በሚቀጥለው ቀን ተጀመረ፤ ቀለሙ ቀይ ነው። በዚያች ትንሽ ነገር ላይ መርፌው ሲሰካ ጠብ እያለ ወደ ልቤ ሲወርድ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። ጠጉሬ ረገፈ፣ አፌ ቆሰለ። ለሕክምና ስመላለስ አውቶቡሱ ዓባይ ውስጥ ቢገለበጥና ብገላገል ብዬ የተመኘሁባቸው ጉዞዎች አሉ። ይህንንም ለየኔታ ነገርኳቸው፤ አልገሠጹኝም። "እኔም ደክሞኛል" አሉኝ። ዳንኩ። ሐኪሙ በቃሽ ሲለኝ ፖርቷን አወጧት። ኮሌጁን ጨረስኩ፣ አስተማርኩ፣ ወለድኩ። የኔታ ዕድሜ ጠግበው ዐረፉ።

የታመመ ያለበት ሰው ዛሬ ወደ እኔ ይመጣል። ስለ መድኃኒቱ የሚጠይቀኝ ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው የሚጠይቀኝ "እንንገረው ወይ?" እያለ ነው። የሚሆነውን አላውቅም። ንገሩ ብያቸው የከፋባቸው አሉ፤ ሕመምተኛው ፊቱን አዙሮ እህል የተወባቸው አሉ። አምና ጎረቤቴ ውዴ ስለ ባሏ ስትጠይቀኝ "ከነገርሽው አጠገቡ ተቀመጪ፤ ነግረሽው ግን አትውጪ" ነው ያልኳት። አመስግና ሄደች። ሰውየው ፍልሰታ ሳይፈታ ሞተ። ከዐርባው በኋላ ጥቁሯን ለብሳ ቤቴ መጣች። ትወቅሰኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ፤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ለቅሶ የተቀመጥኩት ብቻዬን አይደለም" አለችኝ። "ስነግረው እሱም በቁሙ ከእኔ ጋር አልቅሷል።"