የጋሼ ቦርሳ አይመዘንም

የተራራ ጉዞ ድርጅቱ የመጋዘን ኃላፊ ሰው አታምንም። ሐሜት ነው የሚል ካለ ራሷን ይጠይቃት፤ ቅንጣት ሳታፍር ትነግረዋለች። አዲስ የመጣ የራስ ባትሪ ካርቶኑ ላይ «ተፈትሿል» ተብሎ ቢጻፍበትም፣ አንድ በአንድ አብርታ አጥፍታ ካላየች መደርደሪያ ላይ አታወጣውም። ድንኳን ከጉዞ ሲመለስ ግቢው ውስጥ ታስተክልና ገብታ ዚፑን ከውስጥ ትዘጋለች፤ በስፌቱ በኩል ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ስትፈልግ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች። ተሸካሚዎቹ «ጠርጥሬ» ብለው አውጥተውላታል። ፊት ለፊት ግን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት፤ ማን ደፍሮ።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ሾፌሩ «ድንኳኑ ደህና ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ስላላት ብቻ ፈርማ ላከችው። ምሰሶው ተሰንጥቆ ኖሮ በረዶ ላይ ለሁለት ተሰበረ። አራት ተጓዦች ሸራውን ተከናንበው፣ ተቃቅፈው ተረፉ፤ አንደኛው ግን ሁለት የእግር ጣቶቹን እዚያው ጥሎ መጣ። ሾፌሩ እስከ ዛሬ «ስጭነው ደህና ነበር» ይላል። እሷ ከዚያ ወዲህ በሰው ዓይን ማየት እርግፍ አድርጋ ትታለች።

በድርጅቱ ሕግ የእሷ ፊርማ ከሌለ መኪናው ከግቢ አይወጣም። በመጋዘኑ ጣሪያ ብረት ላይ መንጠቆ ያለው ሚዛን ተንጠልጥሏል። በጉዞ ዋዜማ የሁሉም ቦርሳ እየመጣ እዚያ ላይ ይሰቀላል፤ የተሸካሚው ሃያ ኪሎ፣ የወጥ ቤቱ ሃያ፣ የተጓዡ አሥር። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ራሱ እስከ መጀመሪያው የማደሪያ ሰፈር ሊሸኝ ሲነሣ፣ የእሱንም ሰቅላ ከውስጡ ሁለት የቆርቆሮ አናናስ አስወጥታዋለች። ሰውየው በሳቅ አለፈው፤ ከዚያ ወዲያ ግን አብሬ ልሂድ ብሎ አያውቅም።

የማይሰቀለው የወንድሟ ቦርሳ ብቻ ነው። ወንድሟ የድርጅቱ ዋና የጉዞ መሪ ነው። አባትና እናታቸው ሲሞቱ እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እሱ ሃያ አንድ ሞልቶት ነበር። ጸጉሯን እያበጠረ፣ ደብተሯን እየሸፈነ፣ ወላጅ ይምጣ ሲባል እየሄደ አሳደጋት። ባሏ ሲሞትባት እጇን ይዞ እዚህ መጋዘን ያመጣትም እሱ ነው። ራሱ ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም፤ ለምን ሲሉት ወደ ተራራው በአገጩ ያመለክታል። እሷ «ጋሼ» ስለምትለው ድርጅቱ በሙሉ ጋሼ ይለዋል። ሥራ በጀመረችበት ሰሞን ቦርሳውን ልትሰቅል እጇን ስትዘረጋ ተሸካሚዎቹ ከት ብለው ሳቁ። «ጋሼን ልትመዝኚ ነው?» አላት አንዱ። ፊቷ ቀላና እጇን ሰበሰበች። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

ያሁኑ ጉዞ ዘጠኝ ቀን ነው። ተጓዦቹ ስድስት ናቸው፤ በሰባተኛው ቀን አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለውን መተላለፊያ ያቋርጣሉ። ከወር በፊት ወንድሟ ካርታውን ይዞ መጣና የገመዱ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የቀኑን አከፋፈል ያስጽፋት ጀመር። ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድ ሁልጊዜ አንድ የዕረፍት ቀን ነበር የሚሰጠው። ዘንድሮ ሦስት አለ።

«ሦስት?» አለች፣ እርሳሱን አቁማ።

«ሰዎቹ ለስላሳ ናቸው» አላት፣ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሣ።

ነገሩ አልዋጥላት አለ። ሥራ አስኪያጁ አቅም የሌላቸውን ሰዎች መዝግቦ ይሆናል ብላ የስድስቱንም የሐኪም ወረቀት አስወጥታ አነበበች። ሁሉም እንደ ፈረስ ጤነኞች ናቸው። አንደኛው እንዲያውም የመዋኛ አሠልጣኝ ነው። ታዲያ ለማን ነው ይህ ሁሉ ዕረፍት? አንድ ሰው የሆነ ነገር እየደበቀ ነው፤ ይህን እንደ ጥርስ ሕመም ታውቀዋለች።

ከዚያ ዓይኗ ወጥ ቤቱ ላይ አረፈ። ወጥ ቤቱ ወፍራም፣ ወሬ የማይጠግብ፣ ሽንኩርት ሲቆርጥ እንኳ ከሽንኩርቱ ጋር የሚያወራ ሰው ነው። ሰሞኑን አፉ ተለጉሟል። ከወንድሟ ጋር ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ ትደርስባቸዋለች፤ ስትደርስ ዝም። የጋዝ ምድጃዎቹን ልትፈትሽ ስትጠራው ላብ ያጠምቀዋል። ጋሼን አግባብቶ የድርጅቱን ዕቃ ሊያወጣ ነው ብላ ደመደመች። ደግነቱን አይተው የሚጫወቱበት ሰዎች ዱሮም አይጠፉም። ሦስት ቀን ሙሉ የድስቶቹን ክዳን ሳይቀር ስትቆጥር ከረመች፤ የጎደለ ነገር አጣች። ይህ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

ዋዜማው ደረሰ። ወንድሟ ግቢ ውስጥ ተጓዦቹን የጫማ አስተሳሰር ያሳያል፤ ለመውጫ ላላ፣ ለመውረጃ ጠበቅ። የተሸካሚዎቹ ቦርሳ ተመዝኖ አለቀ። ወጥ ቤቱ የራሱን በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል።

«እኔ ቤት መዝኜው መጥቻለሁ እትዬ፤ አሥራ ዘጠኝ ነው። አይድከሙ።»

«ስቀለው።»

«በልጆቼ ይሁንብኝ፣ አይቼዋለሁ።»

አይቼዋለሁ። ይህን ቃል ከሰማች በኋላ ማን ይመልሳታል? ቦርሳውን ነጥቃ መንጠቆው ላይ አዋለችው። ሃያ ስምንት። ማሰሪያውን ፈትታ እጇን ስትሰድድ መጀመሪያ የወጣው የመኝታ ከረጢት ነበር፤ የእሱ አይደለም። ቀጥሎ ቡናማ ጃኬት ወጣ፤ ክርኑ ላይ በጥቁር ክር ተጥፏል። ያንን የጣፈችው እሷ ናት።

«አንተ» አለችው፣ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ዘርግታ፣ «ሌላ ሰው አጥተህ ጋሼን ትሰርቃለህ?»

ወጥ ቤቱ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። በር አጠገብ ወደተቀመጠው የወንድሟ ቦርሳ አየ።

ቦርሳው እንደ ሁልጊዜው ሙሉ ነው፤ ድብልብል ብሎ፣ ማሰሪያው ጥብቅ ብሎ። ልታነሣው ጎንበስ ስትል ለክብደቱ ያዘጋጀችው ጉልበት ተረፋትና ወደ ኋላ ተንገዳገደች። ሰቀለችው። አራት ኪሎ። ከፈተችው። የውኃ ዕቃ፣ አንድ ሹራብ፣ የቀረው በፌስታል የታጨቀ የተጨማደደ ጋዜጣ ነበር።

«ሦስት ጉዞ ሆነው» አለ ወጥ ቤቱ። «ዕቃውን ድስት ሳጥን ውስጥ ነበር የምደብቅለት፤ እርስዎ ድስቱን ሲቆጥሩ ጊዜ ወደ ቦርሳዬ አዞርሁት። ከአራት ሺህ በላይ ትንፋሹ አይበቃውም። ባለፈው ድንጋይ ተከልሎ ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ተጓዦቹን ‹ደመናውን እያየሁ ነው› አላቸው። እኔን በልጆቼ አስማለኝ።»

ከፊቷ የፊርማው ወረቀት ተዘርግቷል። ብትፈርም ስድስት ሰው መንገዱን የሚያሳየውን አምኖ ይወጣል፤ ያ ሰው ደግሞ መተንፈስ አይችልም። ባትፈርም ያሳደጋትን ሰው ከዕድሜ ልኩ ሥራ በገዛ እጇ ታወርደዋለች። ሌላ ኑሮ የለው፣ ሌላ ሰው የለው።

ወንድሟ እጁን እያራገፈ ገባ። ሚዛኑን አየ፣ ጋዜጣውን አየ፣ ወለል ላይ የተቀመጠውን ወጥ ቤት አየ።

«ፈርሚ እንግዲህ» አላት ቀስ ብሎ። «የመጨረሻዬ ነው።»

«ባለፈው ከንፈርህ ሰማያዊ ሲሆንስ?»

ዓይኑን ወደ ጋዜጣው መለሰ።

«አልፈርምም ጋሼ። ብትጣላኝ ተጣላኝ። ምክትልህ ይምራ፤ እኔ ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ሲቆጣ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ቀርታ ሲይዛት ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ግን ሄዶ የገመዱ ሳጥን ላይ ተቀመጠና ጫማውን መፍታት ጀመረ። ወጥ ቤቱ ሹልክ ብሎ ወጣ።

«በዚህ መጋዘን ያልጠረጠርሽው ሰው አለ?» አላት፣ ከማሰሪያው ቀና ሳይል።

«የለም።»

«እኔንስ?»

«አንተንማ እንዴት ብዬ፣ ጋሼ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ለሌላው ሰው ደበቅሁት፤ አፍሬ ነው። በራሴ አፍ አልችልም ማለት አቃተኝ። ግን ሦስቱንም ጊዜ፣ ዋዜማ ዋዜማውን፣ እዚህ መጥቼ አጠገብሽ እቆማለሁ። የሁሉን ቦርሳ ስታነሺ አያለሁ። ‹የኔ ጋ ትደርስና ታነሣዋለች፣ ትይዘኛለች፣ ይበቃል› እላለሁ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንቺ አክብረሽ ታልፊኛለሽ። እኔም ወደ ተራራው እወጣለሁ።»