መብራት የሄደ ጊዜ የተከፈተው በር

አሰጋሽ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ አጎቷ ጋራዥ ገባች። ዓለም ገና መንገድ ዳር የሚኒባስ ጎን ስትቀባ፣ የብረት በር ስትረጭ አርባ ዓመቷን ደፈነች። አጎቷ ሞተ፤ ጋራዡም ለመንገድ ፈረሰ። ሰበታ ያለ አንድ የባትሪ መሞከሪያ ቤት ረጪ ሲፈልግ ሄደች፤ አንድ የብረት ሉህ ርጪ አሏት፣ ረጨች፣ ቀጠሯት።

ሥራው ከበር ቅብ ብዙም አይርቅም። በአልኮል የተበጠበጠ ነጭ ዱቄት ይሰጣታል፤ እሷ ስስ የብረት ሉህ ላይ እኩል አድርጋ ትረጨዋለች። ሲደርቅ ከቡራዩ የምትመላለሰው ኢንጂነር ሩሃማ በሌዘር ትሄድበታለች። ጨረሩ የልባሱን ገጽ ለቅጽበት ያቀልጥና ቀዳዳውን ደፍኖ እንደ ስኒ ያለሰልሰዋል። ውስጡ ፈሳሽ የሌለበት ባትሪ የሚሠራው በዚህ ነው ይላሉ። አሰጋሽ የቀረውን አልጠየቀችም። እሷ እንድትጠብቅ የተነገራት አንድ ነገር ነው፤ ዱቄቱ እርጥበት ይጠጣል። ለዚህ ነው የምትረጭበት ክፍል መስኮት የሌለው፣ የአየር ማድረቂያው ማሽን ሲያጓራ የሚውለው፣ በሩም ክፍት የማይተወው። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትይዘው እሷ ናት።

ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደጠቆረ መብራት ሄደ። ማድረቂያው ጸጥ አለ፤ ክፍሉ ዓይን ቢወጉ የማይታይበት ሆነ። የአሰጋሽ እጅ ሳታስበው በሩን ከፈተው። መብራት ሲሄድ ቤቷም ጋራዡም የምታደርገው ይህንኑ ነበር፤ ማንስ የማያደርገው? በሩን በቆርቆሮ አስደግፋ፣ ዝናቡ እየወረደ በዚያ ብርሃን መርጫዋን አጠበች። ቀዝቃዛው አየር እንዲያውም ደስ አላት። ግቢው «መጣ!» ብሎ ሲጮህ ነው ያደረገችው ትዝ ያላት። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው። ማንም አላየም።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ለመድረቅ ተደርድረው ያደሩትን ሉሆች አገላብጣ አየች። እንደ ትናንቱ ነጭ ናቸው። ሆኖም ደግማ አየቻቸው። ሐሙስ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ሥራው ይቀጥል ወይም ይቁም ይላሉ። ከዚህ ብትባረር ልጇን ማርያማዊትን ይዛ የት ትገባለች?

«አከም ቡልቴ፣ አሴ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት የማሽን ሠራተኛው ሊቤ። «ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? ፊትሽ እኮ መብራት ኃይል የቆረጠው መሰለ።»

«ተወኝ፣ አልተኛሁም።»

«ወይስ አንድ ሰው አለ?»

«በዚህ ዕድሜዬ? አንተ ደግሞ!» አለችና መርጫዋን ልታነሳ ዞረች።

ሩሃማ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያውን ሉህ አስገባች። ጨረሩ ሲነካው ፈንዲሻ እንደሚፈነዳ ተንጣጣ፤ ነጩ ልባስ አብጦ ተላጠ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ።

«እኔ ነኝ፤ ጨረሩን አብዝቼዋለሁ» አለች ሩሃማ። ቀነሰችው፤ ገጹ ሳይቀልጥ ቀረ። ጨመረችው፤ ጠቆረ። ወራት የፈጀችበትን የጨረር ልክ በገዛ እጇ እያፈረሰች ነው። አሰጋሽ በሌዘሩ መመልከቻ መስታወት የሚበላሹትን ሉሆች ትቆጥራለች። ዝም ብትል ጥፋቱ የሌዘሩ ሆኖ ይቀራል። ማን ያውቃል?

ሩሃማ ስልኳን አነሳች። ወደ ኃላፊው ወደ ኦቦ ኢተፋ ነው የምትደውለው። «የሐሙሱ ይቅር ልበላቸው። ሌዘሩ አልሆነልኝም።»

«ሩሃማ፣ ቆይ» አለች አሰጋሽ። «ትናንት መብራት ሲሄድ በሩን ከፍቼው ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪመጣ።»

«በዝናቡ?»

«በዝናቡ።»

ሩሃማ መነጽሯን አወለቀች።

«ጠዋት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ፈራኋ።»

ሩሃማ ስልኩን አስቀመጠች። ከሰኞ በፊት ተረጭቶ በሳጥን የታሸገ ሉህ አስመጣች፤ ጨረሩን ወደ ድሮው ልክ መልሳ ለቀቀችው። ሉሁ ሳይንጣጣ አለፈ፤ ገጹ አብረቀረቀ። ጥፋቱ የእርጥበቱ እንጂ የጨረሩ አልነበረም። ሩሃማ በረጅሙ ተነፈሰች እንጂ ወደ አሰጋሽ አልዞረችም።

ሩሃማ የሆነውን የነገረቻቸው ኦቦ ኢተፋ ከምሳ በኋላ ሦስቱንም አስጠሩ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ለአሰጋሽ ያ ይብስ ነበር።

«አላባርርሽም፣ ልጄ። የክፍሉን ቁልፍ ግን ለሊቤ ስጪው። ከእንግዲህ እሱ ሲከፍትልሽ ትገቢያለሽ።»

«እሺ፣ እርስዎ ካሉ» አለች። መባረር ካልሆነ ሌላው ሁሉ ይቻላል። ቁልፉን ከአንገቷ ስታወጣ ግን ፊቷ ጋለ።

«እኔ አልጠየቅኩም እኮ፣ አሴ» አለ ሊቤ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አውቃለሁ። ያዘው።»

ለሐሙስ የሚሆነው ሁሉ እንደገና መረጨት አለበት። ሊቤ ከፈተላት፤ ገባች፤ ከኋላዋ ቆለፈው። ውጭ ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሯል። አሰጋሽ አንድ ሉህ ረጭታ ወደ ጣሪያው አምፖል ቀና ትላለች፤ ደግሞ አንድ ትረጭና ቀና ትላለች።